የድሮ የእንግሊዝ መደብር ውስጥ የሰራችሁ ኑ፣ ጉዳችሁን አውጡ

ወፍራም ሹራብ፦
ሰላም ናችሁ የቤቱ ሰዎች። ትናንት ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድማ በሞባይል ልብስ ስታዝ አይቼ ሳቄ መጣ፣ እማ ምን ሆንሽ ስትለኝ ድሮ ልብስ እንዴት ይሸጥ እንደነበር ላስረዳት ሞከርኩ፣ ግማሹን አላመነችኝም፣ ስለዚህ የሚያምነኝ ፍለጋ እናንተ ጋ መጣሁ።

በፈረንጅ 1992 ነው። እንግሊዝ ከገባሁ ገና ዓመቴ፣ ሰሜን ያለች አንዲት ከተማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ከቅድመ አያት ጀምሮ የያዘው መደብር ተቀጠርኩ። ስሙን አልጠራም፣ ተዘግቷል ግን የልጅ ልጆቹ አሉ። አራት ፎቅ፣ የእንጨት ደረጃ፣ የነሐስ እጀታ ያላቸው መሳቢያዎች፣ ሊፍቱን ቁጭ ብሎ የሚነዳ ሰውዬ ሳይቀር አለው። እኔ ጓንትና ስቶኪንግ ባንኮኒ ነበርኩ። እና እዚያ ቤት ማዕረግ የሚባል ነገር አለ፣ ግቢ ውስጥ እንኳ እንደዛ አይኖርም! ደንበኛ ሲገባ ቀድሞ የማናገር መብት ያለው አንደኛ ሻጭ ነው፣ አንደኛዋ ከተያዘች ሁለተኛዋ፣ እኔ ጁኒየር ስለሆንኩ ሁለቱም ካልተያዙ በቀር ሰው አፍንጫዬ ስር ቢቆም እንኳ መሳቢያ የማስተካክል መምሰል ነው ስራዬ። ከሁላችን በላይ ደግሞ ፎቁን የሚቆጣጠር ሰውዬ አለ፣ ኮቱ ላይ አበባ ሰክቶ እጁን ወደኋላ አጣምሮ የሚንጎራደድ፣ በሌለበት ካፒቴኑ ነበር የምንለው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ባንኮኒያችን ላይ የገንዘብ ማሽን የለም። ደንበኛዋ ስትከፍል ደረሰኙን በእጅ ትፅፊያለሽ፣ ገንዘቡንና ደረሰኙን የመድፍ ቀለህ የምትመስል ቀፎ ውስጥ ትከቻለሽ፣ ቀፎዋን ግድግዳው ላይ ያለ ቱቦ አፍ ስታስጠጊያት አየሩ ሽሽሽሽ ብሎ ይስባትና ሦስተኛ ፎቅ ካሸሮቹ ክፍል ጧ ብላ ትወድቃለች። ካሸሯ መልሱን ከታ በሌላ ቱቦ ትልካለች። መሄጃው ሌላ መመለሻው ሌላ፣ ይሄን ያዙልኝ።

ሁዳዴ ነው። ላይ ያለችው ካሸር አይሪሽ ናት፣ እሷም የነሱን ፆም ይዛለች፣ ያን ዓመት የኛና የነሱ ፋሲካ በሳምንት ነበር የሚለያየው። ምሳ ሰዓት ስናወራ እኔ ወተትም ስጋም እንቁላልም አልበላም ስላት አዘነችልኝ፣ እኔ ደግሞ እሷ ቸኮሌት ትታ ከንፈሯ ሲደርቅ አዘንኩላት። በማግስቱ ዳቦ ቆሎ ሰርቼ መጣሁና ሰው ጭር ሲል ቀፎዋን እስካፏ ሞልቼ ላኩላት። ትንሽ ቆይቶ ባዶ ቀፎ ከነብጣሽ ወረቀት መጣ፣ "ሌላ አለ?" ይላል። ላኩ። ሁለተኛው ላይ ግን አለቃዋ ድንገት ሲገባባት ደንግጣ እንደሞላ ክዳኑን እንኳ ሳታጠብቅ ወደኔ መለሰችው። ቀፎዋ እኔ ጋ ስትደርስ አፏን ከፍታ ባዶዋን ናት። ዳቦ ቆሎው ግድግዳው ውስጥ ቀረ።

ሁለት ቀን ሰላም ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት የፀጉር ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ከአንደኛ ሻጯ ነጭ ጓንት ገዝተው መልስ እየጠበቁ ሳለ፣ ቀፎዋ ከመውደቋ በፊት ከቱቦው አፍ ጠብ… ጠብ… ጠብ… ሦስት ፍሬ፣ ጓንቱ ላይ። ሴትዮዋ ጮኹ። ካፒቴኑ ከየት መጣ ሳይባል ደረሰ፣ አንዷን በእርሳስ ጫፍ አገላበጣትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አይጥ" አለ።

ቀሪውን በኋላ፣ ድስት ጥጄ ነው።

ቀበናው፦
ኧረ በእናትሽ ድስቱን አውርጂውና ጨርሺልን 😂😂 ከቱቦ የወረደ ዳቦ ቆሎ

የ63ቱ ተማሪ፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልቀድም አልቀርም መሰለኝ፣ እኔም ጉዴን ላውጣ።

ለንደን ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የቆየ መደብር ውስጥ ሸሚዝና ከረባት ክፍል እሰራ ነበር። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ገንዘብ ለኛ ለእንግዶቹ ቅጣት ነው። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንድ ሽልንግ 12 ፔንስ፣ እንግዲህ ፓውንዱ 240 ፔንስ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ጊኒ የሚሉት አለ፣ 21 ሽልንግ፣ የሱፍ ልብስ ዋጋ የሚለጠፈው በሱ ነው፣ ጊኒ የሚባል ሳንቲም ግን ማንም ኪስ ውስጥ የለም፣ በሐሳብ ያለ ገንዘብ ነው። ሦስት ሸሚዝና ሁለት ከረባት ደምር ቢሉኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሻጮች ግን እርሳስ ሳያነሱ በአንድ ትንፋሽ ይደምሩታል፣ እኔን አይተው ይተያያሉ።

ከዚያ የካቲት 8 ቀን 1963፣ በነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 15 1971፣ ገንዘቡ ተለወጠ። ፓውንድ 100 አዲስ ፔኒ ሆነ። ሽልንግ ቀረና በቦታው 5 ፔኒ ገባ። እነዚያ ሊቃውንት ሽማግሌዎች በአንድ ቀን ማይም ሆኑላችሁ! ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ሰንጠረዥ ተሰጥቷቸው ያጠናሉ፣ አይገባም። አለቃችን፣ በጦርነቱ ጊዜ መኮንን የነበረ ፂሙን የሚያከር ሰው፣ አንድ ቅዳሜ ጠራኝና በሀገራችሁ ሂሳቡ እንዴት ነው አለኝ። ብር መቶ ሳንቲም ነው ጌታዬ አልኩት። ዓይኑ በራ። ያ ከደንበኛ ጋር እንዳልነጋገር የተከለከልኩት ልጅ መደብሩ ከመከፈቱ በፊት የሸሚዝ ካርቶን ላይ ወጥቼ አስተማሪ ሆንኩ፣ ሽማግሌዎቹ በማዕረጋቸው ተሰልፈው፣ መኮንኑ ከፊት።

አዲሱ ገንዘብ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ልቤ አብጧል። ሰው ሁሉ አፉ ላይ ገና ሽልንግ ነው፣ "ልጄ የአንድ ሽልንግ መልስ አለኝ" ይሉኛል። እኔም ያለምንም ማመንታት ያችን አዲሷን ባለሰባት ማዕዘን 50 ፔኒ አንስቼ እሰጣለሁ። እየገባችሁ ነው? እኛ ሀገር ሽልንግ ሃምሳ ሳንቲም ነዋ! አእምሮዬ በአማርኛ ነው የሚቆጥረው። ለሦስት ሰው ሰጠሁ፣ በያንዳንዱ 45 ፔኒ ከሰርን፣ አራተኛዋ አንዲት አሮጊት ናቸው፣ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱና ለመኮንኑ አሳዩት።

1 ፓውንድ ከ35 ከደሞዜ ተቆረጠ። እሱስ ይሁን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ካርቶኑን አምጥተው አስቀመጡልኝ፣ ውጣ የሚሉ መስሎኝ ልወጣ ስል ከነሱ ትልቁ ቀደመኝና ራሱ ወጥቶ ያንኑ ሰንጠረዥ ለኔ አስተማረኝ። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ እስከዛሬ አልረሳውም።

ቀበናው፦
ጋሽዬ ገደሉኝ 🤣 ግን የሚያስቀው እኮ ሽልንግ የሚለውን ቃል ያመጡብን እነሱው ናቸው። ጣልያን ከተባረረ በኋላ እንግሊዞቹ ይዘውት የመጡት የምስራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር የሚሰራው፣ በፈረንጅ 1945 የኛ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፣ ሃምሳ ሳንቲማችን ሽልንግ ተብሎ የቀረው ለዛ ነው። እና እርሶ የሰጡንን ቃል ወስደው በ10 እጥፍ መለሱላቸው ማለት ነው

የ63ቱ ተማሪ፦
ይህን ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ለመኮንኑ እከራከር ነበር።

ተጠራጣሪው ቶማስ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ከቲቪ የተቀዳ ነው የሚመስለው፣ ማዕረግተኛ ሻጭ፣ አበባ የሰካ ተቆጣጣሪ፣ ቢቢሲ ላይ ከ1972 እስከ 1985 የታየ ኮሜዲ አለ ቁጭ ይሄንን። በዛ ላይ በ1992 የገንዘብ ቱቦ? ያኔ እኮ ኮምፒውተር ነበር። ዳቦ ቆሎዋ ግን ትጣፍጣለች ውሸቱ ጥሩ ነው

ሬዲንግ ዳር፦
ቶማስ ተረጋጋ ወንድሜ። እዚህ ሬዲንግ ጃክሰንስ የሚባል መደብር ነበረ፣ በ1875 የተከፈተ፣ እስከተዘጋበት እስከ 2013 ድረስ በዛው በአየር ቱቦ ነው ገንዘብ ሲልክ የነበረው። 2013! ሰው ኪሱ ውስጥ አይፎን ይዞ መልሱን ከቱቦ ይጠብቅ ነበር። ኮሜዲውን ደግሞ ካነሳኸው ከፃፉት አንደኛው ወጣት ሳለ ፒካዲሊ የነበረው ሲምሰንስ መደብር ውስጥ ሻጭ ነበር፣ ያየውን ነው የፃፈው። ህንፃው አሁንም አለ፣ በ1936 የተሰራ ነው፣ ዛሬ ትልቅ የመፅሐፍ መደብር ሆኗል ግባና እየው። ስለዚህ ሹራብዬ ከቲቪ አልቀዳችም፣ ቲቪው ነው ከነሱ የቀዳው

ተጠራጣሪው ቶማስ፦
እሺ ቱቦውን ተቀበልኩ። አይጡን ገና

ለንደን 22 ዓመት፦
እኔ እንኳን እንደዚህ ያለ ቤት አልሰራሁም ግን ማንበብ እወዳለሁና ትንሽ ልጨምር። ሃሮድስ በ1898 የሚንቀሳቀስ ደረጃ ሲያስገባ (ደረጃ እንኳ አይባልም፣ ዘንበል ያለ የሚሄድ የቆዳ ቀበቶ ነገር ነው) ሰራተኞች ላይኛው ጫፍ ላይ ቆመው ለደነገጠ ደንበኛ ኮኛክ ይሰጡ ነበር፣ ራሷን ለሚያዞራት ደግሞ የሚሸተት መድኃኒት። እስቲ አስቡት የሰውዬውን ስራ፣ ቀኑን ሙሉ ኮኛክ ይዞ መቆም። እኔ ብሆን እየደጋገምኩ ነበር የምወጣው

ደግሞ እዛው ሃሮድስ የእንስሳት ክፍል ነበረ፣ ውሻ ድመት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ1969 ሁለት አውስትራሊያውያን ወጣቶች ከዛ የአንበሳ ደቦል ገዝተው ቼልሲ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ አሳደጉት፣ በኋላ ኬንያ ወስደው ጫካ ለቀቁት። ከመሸጡ በፊት አንድ ሌሊት ከጎጆው አምልጦ ጎረቤት ክፍል ያለውን የፍየል ቆዳ ምንጣፍ ሲዘነጣጥል አድሮ መደብሩ እንደዛ ቶሎ መሸጥ የፈለገው ለዚሁ ነው ይባላል። ጠዋት ገብቶ ያንን ምንጣፍ ያየውን ሰራተኛ ነው የማስበው፣ ለአለቃው ምን ብሎ ሪፖርት ያደርጋል

ቀበናው፦
"ጌታዬ፣ ፍየሎቹ ድጋሚ ሞቱ"

እኛ 6 ኪሎ አንበሳ ግቢ እያለን ሎተሪ ሻጭ እንኳ አይፈራም እነሱ ምንጣፍ ላይ ለቀቁት

ሸኚው፦
የኔ አጭር ናት። 2003፣ ለንደን፣ የድሮ ወግ የሚጠብቅ መደብር፣ ስሙ ይቅር። ስንቀጠር የተነገረን ዋናው ህግ በጣት መጠቆም ነውር ነው የሚል ነው፣ ደንበኛ የሆነ ነገር የት ነው ካለህ "እዛ ጋ" አትልም፣ ይዘኸው ሄደህ ታደርሰዋለህ። እኔ ደግሞ ያደግኩበት ቤት እንግዳ ከሸኘህ እስከ መንገዱ ነው፣ ህጉ ተመቸኝ በጣም። በሁለተኛው ቀኔ አንዲት እናት ብዙ ዕቃ ይዘው ወደ ቪክቶሪያ የሚሄደው አውቶቡስ የት ነው አሉኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ዕቃቸውን ተቀበልኳቸው፣ ከአራተኛ ፎቅ ወረድን፣ ወጣን፣ መንገድ ተሻገርን፣ ፌርማታው ስራ ላይ ነው ተብሎ ተዘግቷል፣ ወደሚቀጥለው ሄድን። እያወራን ነው፣ ባላቸው ኬንያ ነበሩ ምናምን። አውቶቡሱ እስኪመጣ ጥዬ መሄድ ደግሞ ደበረኝ

ስመለስ 50 ደቂቃ ሆኖኛል፣ የፎቁ ሃላፊ ደረጃው ስር ቆሞ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። የት ነበርክ። ደንበኛ እያደረስኩ። የት ድረስ። የአውቶቡሱን ቁጥር ነገርኩት። ሰውዬው አፉን ከፈተ ዘጋ፣ ህጉን የፃፈው እሱ ነዋ ምን ይበል። በማግስቱ የሰራተኛ ሰሌዳ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ "ደንበኛን መሸኘት በህንፃው ውስጥ ብቻ ነው" ይላል። እስከወጣሁ ድረስ እዛው ነበረ

እትዬ ሊቨርፑል፦
ሸኚው እናትህ ትባረክ 😂

የኔ ባል ደግሞ የገና አባት ሆኖ ነበር። ረጅምና ቀጭን ነው፣ ሆዱ ላይ ሁለት ትራስ አስረውለት ቀይ ካባ አልብሰውት ጥጥ ፂም ለጥፈው መደብሩ ምድር ቤት ዋሻ የመሰለ ነገር ውስጥ አስቀመጡት። ከሆ ሆ ሆ ሌላ ብዙ እንዳትናገር ተብሏል። አንድ ህፃን ጭኑ ላይ ተቀምጦ እንደፈራ ሽንቱን ለቀቀበት፣ ባሌ ሳያስበው "ውይ በስመ አብ!" ብሎ ብድግ አለ፣ አንደኛው ትራስ በእግሩ በኩል ወጣ። ወረፋው ውስጥ አንዲት ሐበሻ ልጆቿን ይዛ ቆማለች ለካ፣ ያን ሁሉ ፈረንጅ አልፋ መጥታ "የየት ሀገር ልጅ ነህ?" አትለውም! ፂሙን እንደለጠፈ የጎጃም መሆኑን ነገራት። እስከዛሬ ወዳጆች ነን፣ የልጃችን ክርስትና እናት ናት

ተጠራጣሪው ቶማስ፦
የገና አባት ጎጃሜ መሆኑን ጠርጥሬ ነበር

ካሸር ነበርኩ፦
እኔ እንደናንተ የሚያስቅ የለኝም፣ ወንበሩን ግን ላንሳ። የሰራሁበት ቤት ሦስት ሴት ለአንድ ባንኮኒ፣ ከኋላ አንዲት ወንበር አለች፣ ማንም አይቀመጥባትም። ለምን ተቀመጠች ታዲያ ብዬ ስጠይቅ ህግ ነው ይሉኛል። በኋላ ስሰማ በ1899 የወጣ ህግ ነበር፣ ለሦስት ሴት ሻጭ ቢያንስ አንድ መቀመጫ ይኑር የሚል። ይኑር ነው ያለው፣ ተቀመጡ አላለም ብለው ነው መሰለኝ እንደታቦት አስቀምጠዋት ነበር። አንድ ቀን እግሬ አብጦ ቁጭ ስል ጭራሽ እግሯ ተሰብሮ ኖሮ ከነወንበሩ ባንኮኒ ስር ገባሁ። ደንበኛው ወንድ ነው፣ ጎንበስ ብሎ አየኝና "ተዘግቷል?" አለኝ

ሬዲንግ ዳር፦
"ተዘግቷል?" 😭 እንግሊዝ ማለት ይሄ ነው በቃ፣ ሰው ከፊቱ ቢወድቅም በጨዋ ደንብ ነው የሚጠይቀው

ለንደን 22 ዓመት፦
አሁንማ አብዛኞቹ ራሳቸው ተዘጉ። ቢኤችኤስ በ2016፣ ደበንሃምስ በ2021። ደበንሃምስ ባዶ ሲሆን አልፌ እርቃኑን የቆመ የልብስ አሻንጉሊት ብቻ በመስታወት አየሁና ሆዴ ተላወሰ፣ የመጀመሪያ ካፖርቴን እኮ እዛ ነው የገዛሁት

ቀበናው፦
ሐዘኑን በኋላ እንቀመጣለን። ወፍራም ሹራብ የት ነሽ? ድስቱ አረረ?

ወፍራም ሹራብ፦
መጣሁ መጣሁ፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነው። ጋሽዬ ሽልንጓ ገደለችኝ፣ ለባሌ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩለት።

እሺ። ካፒቴኑ አይጥ ካለ አይጥ ነው፣ ማዕረግ አለዋ። የኛ ባንኮኒ ተዘጋ፣ የተባይ መከላከያ ሰውዬ ትልቅ ባትሪና ወጥመድ ይዞ መጣ። ቱቦው ውስጥ ባትሪ አብርቶ ያያል፣ ያዳምጣል፣ እኔ መሳቢያ አስተካክላለሁ፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው አንዷን ፍሬ በጥፍሩ ሰበራት፣ አሸተታት፣ እንደገና አሸተታት። ከዛ "በዚህ ስራ ብዙ ዘመኔ ነው፣ ምን እንደምትበላ አላውቅም ግን ይቺ አይጥ የተጠበሰ ነገር ነው የምትበላው" አለ። ማንም አልሳቀም። ካፒቴኑ ግን ወዲያው ገባው፣ ማለት የተሳሳተው ነገር ገባው፦ አራተኛ ፎቅ ያለው ካፌ! ከካፌው ሼፍ ጋር ለዓመታት ይናቆሩ ነበር፣ ምክንያቱም ሼፉ በማዕረግ ከሱ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ተቆርጦ አያውቅም። አሁን መሳሪያ አገኘ። ወጥመዶቹ በሙሉ ከኛ ፎቅ ተነስተው ካፌው ጓዳ ተደረደሩ፣ ሼፉ በንዴት ለሁለት ቀን ስኮን አልጋግርም አለ፣ ሻይ የሚጠጡት እናቶች አመፁ፣ ነገሩ ባለቤቶቹ ጋ ደረሰ።

እኔና አይሪሿ ሽንት ቤት ተገናኝተን እንናዘዝ ወይስ ዝም እንበል ተከራከርን። ሁለታችንም ስራው ያስፈልገናል፣ እኔ ገና ወረቀቴም አላለቀም። ዝም አልን። ቱቦው ደግሞ ዝም አይልም፣ እስከ ፋሲካ ድረስ አንዳንዴ ጠብ ያደርጋል፣ አንደኛ ሻጯ እጄን በመሐረብ ሸፍኜ እንዳነሳ አደረገችኝ፣ እኔም አነሳና ኪሴ እከታለሁ፣ ምሳ ሰዓት… አዎ በልቻታለሁ፣ እንዳትፈርዱብኝ፣ የራሴ ናት።

ሁለት ዓመት ሰርቼ ስለቅ የስንብት ቀን ሁሉም ከቤቱ የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም ዳቦ ቆሎ ይዤ ሄድኩ። ሳህኑ ዞሮ ዞሮ ካፒቴኑ ጋ ደረሰ። አንዷን በሁለት ጣቱ አነሳት፣ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አያት፣ አገላበጣት፣ ከዛ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ረጅም ነው ያየኝ። አፉ ውስጥ ከተታት፣ አኘከ፣ ዋጠ። ምንም አላለኝም። የቀረውን ሳህን በናፕኪን ሸፈነና ይዞት ሊፍቱን ትቶ በደረጃው ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። አይሪሿ ተከትላ ሄዳ ስታይ ከሼፉ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነው አለችኝ፣ ሳህኑ መሀላቸው።

ተጠራጣሪው ቶማስ፦
አመንኩ

እትዬ ሊቨርፑል፦
አለቀስኩ እኮ አንቺ ልጅ፣ ዳቦ ቆሎ አስለቀሰኝ

የ63ቱ ተማሪ፦
ልጄ አንድ ጥያቄ። በርበሬ ነበረው?

ወፍራም ሹራብ፦
ጋሽዬ የመጀመሪያው አልነበረውም። የስንብቱ ነበረው፣ አፍኜ ነው የጨመርኩበት። ሻዩ ለምን እንደሆነ አሁን ገባዎት?